ከቆሮሶ አፍ የወጡት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐይቃችን ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። እህቴ ያመጣችልኝን የዋና መነጽር ይዤ፣ ጋሽ ዱካሞ በሚባሉ ሽማግሌ ጀልባ ወደ ደንገሉ ጥግ ሄድን። እዚያ ዓሣ ስለሚራባ መረብ መጣል ክልክል ነው፤ ማየትን ግን የከለከለ የለም። ፊቴን ውሃው ውስጥ ብነክር አንዲት ቆሮሶ ዓሣ አየሁ፤ ጥፍር የማያህሉ ጫጩቶች ከበዋታል። እጄ ሲንቀሳቀስ ደነገጡና ተንጋግተው አፏ ውስጥ ገቡ! ቀና ብዬ ስነግራቸው ጋሽ ዱካሞ ሳቁብኝ።

"እሷማ ልጆቿን ትበላለች። ዓሣ አጥማጅ እያለሁ ከመረብ ሳወጣት ከአፏ ስንቱ ይረግፍ ነበር መሰለህ! 'እንኳን ያዝኩሽ፣ አንቺ ጨካኝ' እላት ነበር።"

"ኧረ ጋሼ፣ እስቲ ራስዎ ይዩት" ብዬ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ከጀልባዋ ጠርዝ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ነከሩ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቀና ይላሉ፣ ደግሞ ይነክራሉ። እኔ እየሳቅኩ ፎቶ ላነሳቸው ስልኬን አወጣሁ። በመጨረሻ ውሃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ቀና አሉ።

"ተፋቻቸው" አሉኝ ቀስ ብለው። "ዝም ብዬ ስጠብቅ ሁሉንም ተፋቻቸው። አንዳቸውም አልተነኩም።"

ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። መቅዘፊያቸውን አንስተው ወደ ዳር ቀዘፉ። ጀልባዋን ካሰሩ በኋላ ወደ ሐይቁ ዞረው፣ "ለካ ልጆቿን የበላሁባት እኔ ነኝ" አሉ።