«ጠገብኩ» ያሉት አበልጅ

ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል። በእኛ በቦሌ ሚካኤል ሰፈር ግን ሁለት አበልጆች በአንድ ቃል ተኳርፈው ነበር። የኩርፊያውን ምክንያት የሰማሁት በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ነው። ያን ዕለት ዘይት መጥቷል ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ጠርሙሱን ይዞ ወጥቷል። ከፊቴ ወይዘሮ ሃረገወይን ቆመዋል። ቤታቸው የገባ እንግዳ ሳይበላ ወጥቶ የማያውቅ፣ ደግ ሴት ናቸው። ነርስነት የምትማረው የጎረቤታቸው ልጅ ሐሊማ በዚያ ስታልፍ አየቻቸውና ከሰልፉ ዳር ቆመች።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሃረገወይን? ለማኅበሩ ነው ዝግጅቱ?»

«አዎ ልጄ፣ የዚህ ወር ሚካኤል እኔ ቤት ነው።»

«ጋሽ ገብረሃንስም ይመጣሉ አይደል?»

ወይዘሮ ሃረገወይን ጠርሙሱን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እሳቸው ጠግበዋል» አሉ። «የጠገበ ሰው እኔ ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

አቶ ገብረሃንስ ከትግራይ መጥተው በሰፈራችን ቆርቆሮና ምስማር የሚነግዱ ሰው ናቸው። ድሮ ግዙፍ ነበሩ። «ገብረሃንስ ሳይመጣ ማዕድ አይቀርብም፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ የሚነሳ አይተርፍም» እየተባለ በማኅበሩ ይቀለድባቸው ነበር፤ እሳቸውም ከሁሉ በላይ ይስቁ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የጨጓራ ቁስላቸው ስለ ጠናባቸው ሐኪሞች አብዛኛውን የጨጓራቸውን ክፍል ቆርጠው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ልብሳቸው ሰፋቸው፣ ሳቃቸውም አነሰ።

«እሳቸውም ከማኅበሩ ሊወጡ አስበዋል» አለች ሐሊማ ቀስ ብላ። «‹ሰው ከማስቀይም ቤቴ ብቀር ይሻላል› ብለዋል። ሰው ከሌለ ደግሞ ምግብ ፊታቸው ቀርቦም አይነኩትም። እንዲህ ከቀጠሉ የሐኪሙ ድካም ከንቱ ነው የሚሆነው።»

«እኔ ነኝ እንግዲህ የገፋኋቸው?» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። «ባለፈው ወር በማኅበሩ ፊት እጄን ዘረጋሁ። አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ‹ጠግቤያለሁ› አሉኝ። ልጃቸውን ክርስትና ያነሳሁት እኔ፣ ጉርሻዬን ይዤ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ሦስቴ እንኳ ሳይቆርስ የሚጠግብ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጥጋብ ካልሆነ በቀር።»

«የቀረችው ሆዳቸው እኮ ይህቺን ታህላለች» ብላ ሐሊማ እጇን ጨብጣ አሳየቻቸው።

«ታዲያ የተቆረጠ ገላ የሚጠገነው በምን ነው? አራስ የምትነሳው ገንፎዋን በቅቤ እየዋጠች አይደለም እንዴ? ሸሚዛቸው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ዝም ብዬ ልያቸው?»

በዚህ ጊዜ አውሮፕላን ሊያርፍ ከራሳችን በላይ አለፈ። በእኛ ሰፈር አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማልና ድምፁ እስኪርቅ ሁላችንም ዝም አልን። ዝምታው ሐሊማን የጠቀማት ይመስለኛል፤ ስትቀጥል ድምፅዋ ለስልሶ ነበር።

«ከዚያ በፊት በነበረው ማኅበር ያጎረሷቸው ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት ይረሳኛል? አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኩላቸው፣ ሠለስኩላቸው። ደስ ብሏቸው ዋጡልኝ።»

«ለእርስዎ ብለው ነው የዋጡት። ወዲያው ወጥተው አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ልባቸው ይደልቃል። ትልቅ ጉርሻ ሆዳቸው ሳይዘው ወደ አንጀት ስለሚወርድ ነው። ‹አበልጄ እንዳይሰሙ፣ ያዝናሉ› ብለው ለመኑኝ። እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር።»

ወይዘሮ ሃረገወይን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሳቸው ባሉበት ቀሩ፤ ከኋላ ያለው ሰው «እናቴ፣ ይራመዱ እንጂ» እስኪል ድረስ።

«ይህን ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ያፍራሉ። ትናንት በመብላት ይታወቁ የነበሩ ሰው ዛሬ ከሕፃን ያነሰ ሲበሉ ማየቱ ለራሳቸውም ከብዷቸዋል። ምን እንዳሉኝ ልንገርዎ? ‹ሐኪሙ ሆዴን ሲቀንስ ዓይኔን አልቀነሰልኝም።› ዓይናቸው እንደ ድሮው ይርበዋል። ሆዳቸው ግን እንደ ድሮው አይጮህም፤ ሲርባቸው ጣታቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። ሲበቃቸው ደግሞ እዚህ ከጎድናቸው በታች ጨነቅ ያደርጋቸውና ያስነጥሳቸዋል። ያን ምልክት አልፈው አንዲት ጉርሻ ከጨመሩ አበቃ። በዚህ ዕድሜያቸው ራብንና ጥጋብን እንደ ፊደል ከሀሁ ጀምረው እየቆጠሩ ነው።»

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። «ግን ‹ጠገብኩ› ማለት ምን አመጣው? በእኛ አገር ጠገበ የሚባለው ባለቤቱን የሚረግጥ በቅሎ ነው።»

ሐሊማ ሳቀች። «ስንት ዓመት ቤትዎ ገባሁ፣ እትዬ? ሥጋ አቅርበውልኝ ያውቃሉ?»

«ምን ነካሽ? ለእናንተማ ሽሮው በልዩ ድስት ነው የሚሠራው።»

«ሥጋውን ባለመብላቴ ‹ሐሊማ ጠገበች› ብለው ያውቃሉ?»

«ያማ ሌላ ነው። ሕግሽ ነው።»

«የጋሽ ገብረሃንስም ሆድ ሕግ አወጣ። ይኸኛው ሕግ ደግሞ ሲጣስ ንስሐ የለውም፤ ሆስፒታል ነው።»

ነገር የሚገባን በቆየ ልማዳችን በኩል ሲመጣ ነው። ወይዘሮ ሃረገወይን ለሌላው ሰው ድስት ሲለዩ ኖረዋል፤ ለአበልጃቸው ግን መለየት የሚቻል አልመሰላቸውም ነበር። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ክርክር አልነበረም።

«ሰው ሳላጎርስ መውደዴን በምን ልንገር፣ ሐሊማ? ሌላ አላውቅም።»

«አያጉርሱ ያለ የለም። አሳንሰው ያጉርሷቸው፣ አኝከው እስኪጨርሱ ይጠብቋቸው። ጠላውንም ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆይተው ይስጧቸው። የቀረውን ከድነው ያኑሩላቸው፤ እሳቸው አሁን የሚበሉት ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው።»

ተራቸው ደረሰና ሻጩ ዘይቱን መቅዳት ጀመረ። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሲሞላ ወይዘሮ ሃረገወይን «በቃ ጓድ፣ በቃ፣ ይፈሳል» አሉ። ቀና ሲሉ ሐሊማ ታያቸዋለች።

«አትናገሪ» አሏት። «ገብቶኛል።»

ከሱቁ ቤታቸው አልገቡም። ዘይታቸውን እንደያዙ ወደ አቶ ገብረሃንስ ሱቅ ሄዱ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

በማኅበሩ ቀን አቶ ገብረሃንስ መጡ። እኔም ተጋብዤ ነበር። በር አጠገብ ሊቀመጡ ሲሉ ወይዘሮ ሃረገወይን እጃቸውን ይዘው ከራሳቸው ጎን አስቀመጧቸው፤ ድርሻቸውንም በስኒ ማስቀመጫ ላይ አቀረቡላቸው። በትንሽ ሳህን ላይ ሲሆን ጥቂቱም ሙሉ ይመስላል። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ አንዲት ጉርሻ ጠቀለሉ።

«ይቺ ከሽንብራ አትበልጥም፣ አበልጄ። ካነሰች ይቆጡኝ።»

አቶ ገብረሃንስ ተቀበሉ፤ ረጅም ጊዜ አኘኩ። ማንም አላዋከባቸውም። ይሁን እንጂ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም፤ ከማዶ የተቀመጡት አቶ ኃይለሚካኤል «አንድ ያጣላል» እያሉ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ይዘው ብድግ አሉ። የአቶ ገብረሃንስ እጅ አፋቸውን ሊከድን ተነሣና ቆመ። በዓይናቸው ያ የአጥሩ ሥር ቀን ሲመለስ አየሁ።

ወይዘሮ ሃረገወይን አንገታቸውን ወደ ጉርሻው አስቀደሙ። «ወዲህ ይበሉት። ዛሬ የአበልጄ አፍ እኔ ነኝ» ብለው ራሳቸው ጎረሱት። ጉንጫቸው ተነፍቶ ለመዋጥ ሲታገሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ገብረሃንስም ሳቁ፤ ያን የድሮ ሳቃቸውን።

ሳቁ ሳይበርድ አስነጠሳቸው።

«ይማርዎት» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን፤ ሳህኑንም ያለ ጥያቄ ከደኑት።

«በቃኝ፣ አበልጄ» አሉ አቶ ገብረሃንስ።

«ሰምቻለሁ።»

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። አቶ ገብረሃንስ እንደ ድሮው ባይገዝፉም ሱቃቸውን በጧት ይከፍታሉ፣ ጽዋቸውንም በተራቸው ያወጣሉ። ከማኅበርተኞቹ መካከል ስኳር ያለባቸውና ደም ብዛት ያለባቸው «በቃኝ» ማለትን ከእሳቸው ተምረዋል፤ እንግዳ ያከበረ መስሎት ሰውን የሚያሳምም ባለቤትም ቀንሷል። ማጉረስ አልቀረም፤ ጉርሻው የጎራሹን ሆድ መጠየቅ ለመደ እንጂ። አቶ ገብረሃንስ ሲያስነጥሱ ደግሞ ማዕዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ይማርዎት» ይልና እጁን ይሰበስባል።