ለእኔ ሲሉ የለበሱት የመጥለቂያ ልብስ

እንኳን በሰላም ተመለስሽ ኦድላውግ። ልጅሽ ደህና ናት? እሷ ያለችበት ትሮምሶ በረዶው ጀመረ አሉ… እኛ ጋ ገና ዝናብ ነው። ነይ ተቀመጪ፣ የዋፍል ቂጣው ትኩስ ነው፤ ቡናማው አይብ ያውልሽ። የጠላቂዎች ክበባችንማ ምን አዲስ ነገር ይኖረዋል ብለሽ ነው? ያው ነው። ሸርጣኑ ዘንድሮ ወፍሯል… ሸርጣኑ ብቻም አይደል።

ምነው ወደ መስኮቱ ታያለሽ? እዚያ የተቀመጡት ሰውዬ ጋዜጣቸውን እያነበቡ ነው፣ እኛ ምን አገባን? እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። ስም አልጠራም። ደግ ሰው ደግነቱ ሲነሳ ያፍራል… የሚያፍር ከሆነ።

ስድስት ክረምት ሙሉ በዚያ ውሃ በሚያስገባው ልብሴ ስጠልቅ፣ ጥርሴ እንደ ስፌት መኪና ሲንቀጫቀጭ አይተሽ የለ? ዘንድሮ ደረቁን ልግዛ አልኩ፤ ውሃ የማያስገባውን፣ ከውስጡ ሹራብ የሚለበስበትን። የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። ቦርግሂልድ ደግሞ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት መጥለቅ ስላቆመች፣ የእሷን በአምስት ሺህ ክሮነር እሸጣለሁ አለች። ቁመታችን አንድ አይደል? ለበስኩት። ቁጢጥ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ እጄን ከአናቴ በላይ ዘረጋሁ… ለእኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ቢሆንም አዋቂ ላማክር ብዬ አሰብኩ። እኛ ክበብ ውስጥ አዋቂው ማን ነው? አዎ። ራሳቸው ናቸው የነገሩን።

መጡልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። ዚፑን ከፈት ዘጋ አደረጉ፣ የአንገቱን ጎማ ሳብ ሳብ አደረጉ፣ አሸተቱት ሁሉ። ለሰው ንብረት እንዲህ የሚጠነቀቅ አፍንጫ የት ይገኛል? ከዚያ ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ «ቱሪድ ልጄ፣ ዚፑ ሞቷል። ጎማውም በስብሷል። በነፃ ቢሰጡሽ እንኳ አትውሰጂው» አሉኝ። ልክ እንደ አባት። እኔም ቦርግሂልድን ይቅርታ ጠይቄ ተውኩት።

በሳምንቱ እሑድ ለሸርጣን ልንወርድ ወደቡ ላይ ስንሰበሰብ፣ ያንን የቦርግሂልድን ልብስ ለብሶ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? … ሰው ለሰው ሲል ይሞታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ለሰው ሲል የሰው ልብስ ሲለብስ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። በእኔ ላይ ሊደርስ የነበረውን አደጋ ተሸከሙልኝ ማለት አይደል?

ደግሞ እንዴት አማረባቸው መሰለሽ። እሳቸው እንደምታውቂው ትልቅ ሰው ናቸው… በሁሉም በኩል። ዚፑን ለመዝጋት ሁለት ሰው ተያዘ፤ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ሆድ ይገፋል። ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ብትቀር፣ «ይህቺ ምንም አይደለች» ብለው ተዋት። እውነታቸውን እኮ ነው፤ ያን የሚያህል ባሕር በሁለት ጣት ቀዳዳ እንዴት አድርጎ ይገባል?

ውሃው ውስጥ ልብሱ ቢጨምቃቸው በደረቱ ቱቦ አየር ሞሉበት። አየሩም ሆዳቸው ቦታ ቢነሳው ወደ እግራቸው ሄደ። ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው ይላሉ፤ እኛ ጋ ግን መጀመሪያ ብቅ ያለው እግር ነው። ሁለት እግር ወደ ሰማይ፣ አናት ወደ ታች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የሳቅነው እኛ፣ የተወሰዱት እሳቸው። መተንፈሻው ከአፋቸው አለመውጣቱ በጀ… ለአንድ ቀን እንኳ አፋቸው ሥራ ይዞ ዋለ።

ጎትተን አወጣናቸው። ሹራባቸው በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ርሷል፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ፣ ፊታቸው ቀይ ሥር። ሙቀት ወዳለበት ልናስገባቸው ልብሱን ብንስብ የአንገቱ ጎማ አልወጣም አለ። በስብሷል የተባለው ጎማ ነው እንግዲህ። መቀስ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልቆርጥ ስል ቦርግሂልድ የቡና ፔርሙዟን አስቀመጠችና፣ «አንተ፣ ቱሪድ ልብሱን ናቀችው አላልከኝም?» አለቻቸው።

«እኔ?» አልኩ። «ዚፑ ሞቷል ስለተባልኩ እኮ ነው የተውኩት።»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እኔም መቀሴን ከጎማው አጠገብ ይዤ ቆምኩ… ምን ቸኮልኩ?

«ዋሽቻታለሁ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ቁረጪልኝ፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ ብልሽ ታምኛለሽ? ስድስት ክረምት ስንቀጠቀጥ ሻይ ያቀብሉኝ የነበሩት እኮ እሳቸው ናቸው። ቆረጥኩላቸው። ቦርግሂልድ አምስት ሺሃቸውን እዚያው መለሰችላቸውና ልብሱን ለእኔ አስታቀፈችኝ። የአንገቱን ጎማ በሳምንቱ አስቀየርኩ፤ ዚፑን ሰም ቀባሁት፣ ቅቤ ሆኗል። ትናንት አርባ ደቂቃ ጠልቄ ካልሲዬ እንኳ ሳይርስ ወጣሁ።

እሳቸው? አሁንም ልካቸው የሆነ ርካሽ ልብስ እየፈለጉ ነው አሉ፤ አልተገኘም። ያሳዝናሉ። እኔ እንደሆነ ቂም አላውቅም፤ ማታ ማታ ጸሎት አደርግላቸዋለሁ። ምን ብዬ መሰለሽ? እግዜር ሆዳቸውን እንደ ልባቸው ያድርግላቸው… ያኔ የሕፃን ልብስ ሳይቀር ይሰፋቸዋል።