የሐጂ ሸፊ ልጅና የእንግሊዝኛ ቃላት

በ1975 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቁስቋም ስወርድ አዲሱ ገበያ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ሮጬ የተጠለልኩት ለጫማ ሰሪዎች ቆዳና ማስቲሽ ከሚሸጡት ከሐጂ ሸፊ ሱቅ በረንዳ ሥር ነበር። ልጃቸው ሙኒያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እንግሊዝኛ የማስተምራት እኔ ነበርኩ።

«መምህር፣ አላህ ነው ያመጣዎት!» አሉና ወደ ውስጥ አስገብተው ወንበር ሰጡኝ። «እስቲ በእኔና በዚህች ልጅ መካከል ይፍረዱ።»

ሙኒያ ከባንኮኒው ጀርባ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሔት ይዛ ቆማለች። አንገቷን ደፋች።

«ምን አጠፋች ሐጂ?»

«ማጥፋቱንስ አላጠፋችም። ግን እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ የውጭ ሰው ቢመጣ አነጋግራ ትሸኛለች። አይበቃም? እሷ ግን ገበያተኛ አቁማ ማንም የማይናገረውን ቃል ስታሳድድ ትውላለች። ቀበሌ ስብሰባ ላይም የኢምፔሪያሊስት ቋንቋ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ማትሪክ እስክትፈተን ልታገሥ፤ ከዚያ ወዲያ ሱቅ ትገባለች፣ በቃ።»

ክርክሩ ስለ ቃላት ብቻ አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። የልጅቱ ትምህርት ሊቋረጥ ነው።

«እንደዚያ የሚሉት ሰዎች ልጆችም ማትሪክ የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ደግሞ ለመነጋገር የሚበቃው ቋንቋ ለመማር አይበቃም። ኮሌጅ ስትገባ የሕክምናውም የሕጉም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው።»

«የከበዳትን አስተማሪው በአማርኛ ያስረዳት የለ?»

«ያስረዳታል። አስተማሪው ከአጠገቧ በማይኖርበት ጊዜስ?»

«እሺ፤ መዝገበ ቃላት ተሸምድዶ የሚያልቅ ነገር ነው?»

ሙኒያ ቀና አለች። «አልሸመድድም፣ አባባ። ድሮ ሞክሬው ነበር፤ በሳምንቱ ይጠፋኛል። አሁን አነባለሁ። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ በዙሪያው ካሉት ቃላት ተነሥቼ እገምታለሁ። ግን ግምቴን አላምነውም፤ መዝገበ ቃላት አያለሁ፣ ካልሆነም ሰው እጠይቃለሁ። የቃሉን ዘመዶችም አብሬ እይዛለሁ፤ ከዚያ በራሴ ዓረፍተ ነገር አስገባዋለሁ።»

«ቃልም ዘመድ አለው!» ብለው ሐጂ ሳቁ።

ብርዱ ጠንክሮ ስለነበር የሙኒያ ታላቅ ወንድም ጀላል ከሰል ያቀጣጠለበትን ምድጃ ይዞ ወደ ጓዳ አለፈ። ጓዳው ውስጥ በቅርቡ የመጣ አዲስ ዓይነት ማስቲሽ በትልልቅ ቆርቆሮ ተደርድሯል። ጀላል እሳት እየሞቀ ማስቲሹን ወደ ትንንሽ ጣሳ ሊገለብጠው ነው።

«ጀላል! እሳቱን አውጣ!» ብላ ጮኸች ሙኒያ።

«ምን ሆነሻል? ቆርቆሮው ላይ እኮ ኢንፍላመብል ይላል። ‹ኢን› ማለት ‹አይደለም› ነው። አይነድም ማለት ነው።»

«ይሄኛው ‹ኢን› እሱ አይደለም! ቃሉ የ‹ፍሌም› ዘመድ ነው፣ የነበልባል። ቶሎ የሚቀጣጠል ማለት ነው!»

ሐጂ ግራ ተጋብተው ሁለቱን አዩ። ጀላልም አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ነው። ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ናት ትክክል» አልኩና ከወንበሬ ተነሣሁ።

ሐጂ ምድጃውን ከጀላል እጅ ነጥቀው ዝናቡ ላይ ደፉት። ሆኖም ልባቸው ስላልረጋ ከማስቲሹ ጥቂት አስቀድተው በረንዳው ጫፍ፣ ድንጋይ ላይ ጠብ አደረጉና ክብሪት ጫሩ። እሳቱ ገና ሲጠጋው ቦግ አለ። ሐጂ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከዚያ ጀላልን ትከሻውን ይዘው ከእሳቱ አራቁት።

ሲረጋጉ እንዲህ አሉ፦ «መምህር፣ ይህ ቃል ጠቀመን፤ አልክድም። ግን ሁሉም ያስፈልጋል?»

«የትኛው እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማን ያውቃል? ጀላል ሰነፍ ልጅ አይደለም። ግማሹን ስላወቀ የቀረውን ሳይጠይቅ አለፈ። ቃላት የምናበዛው ሰው ፊት ለመኩራት አይደለም ሐጂ፤ የተጻፈልንን በትክክል ተረድተን፣ በራሳችን እጅ እንድንሠራ ነው።»

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሙኒያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከአሱር ሶላት በኋላ ሱቁን ጀላል ይጠብቃል። አንቺ አንብቢ። ለእሱም ያነበብሽውን ታስረጂዋለሽ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ጀላልም በእህቱ ተሳበና መጽሔቶቹን ይሻማት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ከውጭ የመጣ ዕቃ ጽሑፉ ሳይነበብ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ የሰፈሩ ነጋዴዎችም ያልገባቸውን ለማስነበብ ወደዚያ ይመጣሉ። ሙኒያ ማትሪክ አለፈችና ጎንደር ሕክምና ኮሌጅ ተመደበች።

የምትሄድ ዕለት እኔም ልሸኛት አውቶቡስ ተራ ተገኘሁ። አንድ ጎረቤታቸው ሐጂን ጠጋ ብሎ «ሴት ልጅ ብቻዋን ይህን ያህል መንገድ? አይፈሩም?» አላቸው።

ሐጂ ሸፊ ዓይናቸውን ከአውቶቡሱ መስኮት አላነሡም። «እፈራለሁ እንጂ» አሉ። «ግን እሷ የማታውቀውን መጠየቅ የማታፍር ልጅ ናት። መንገዱንም ጠይቃ ትደርሳለች።»