ሰማንያ ላይ የሚነሣ እንግዳ

ባለፈው ቅዳሜ ከቦንጋ ገበያ ሽንኩርቴን አንጠልጥዬ ስመለስ፣ ከጋሽ ገብረወልድ በር ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች መንገዱን አጣበው ቆመዋል። ባጃጆች ከኋላቸው ጡሩምባ ይነፋሉ። ጭቅጭቅ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጡረተኛ መምህር ካለ አላውቀውም፤ እኔም ገባሁ።

ጋሽ ገብረወልድ የተከበሩ ባለ ማረፊያ ቤት ናቸው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ አንድ ድርጅት የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ ማሽን በግቢያቸው ልትከል ሲላቸው፣ አባታቸው የተከሉትን እንሰት ነቅለው ቦታ ሰጡ። አሁን ግን ሾፌሮች «ወረፋው አይነቃነቅም» እያሉ ስላማረሩ፣ ድርጅቱ ሰኞ ሰው ሊልክ ነው። ነገሩ ካልተስተካከለ ማሽኑ ተነሥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል ተብለዋል። ሽማግሌው እንሰታቸውንም ማሽኑንም ሊያጡ ነው።

ማሽኑ ላይ የተሰካችው መኪና የአቶ ፍቅሩ ናት። እሱ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣል። በር ላይ ከቆሙት አንዱ አብዱልሃኪም ነው፤ ዋጫ ከተማ ሱቅ አለው፤ ዕቃ ጭኖ ወደዚያው ሊመለስ ነው።

«ጋሽ ገብረወልድ፣» አለ አብዱልሃኪም እጅ ነሥቶ፣ «የአቶ ፍቅሩ ባትሪ ዘጠና ፐርሰንት ደርሷል። እኔ ዋጫ የሚያደርሰኝን ያህል ካገኘሁ ይበቃኛል። ቢፈቅዱልኝና ብሰካ።»

«አይሆንም ልጄ። ከዚህ ቤት እንግዳ ሳይጠግብ ተነሥቶ አያውቅም። የእሱ መቶ ይሙላና አንተ ትገባለህ።»

«እስከዚያ እኮ ይመሽብኛል።»

«ቢመሽብህ አልጋ አለ።»

ይህን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ምሥራቅ ከቤት ወጣች። ኤሌክትሪክ የተማረች መሐንዲስ ናት፤ ቢታ ገነት ነው የምትሠራው፤ ለእረፍት መጥታለች። የማሽኑን ስክሪን አየችና ወደ አጎቷ ዞረች።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ላይ ስልሳ ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። አሁን ስንት ይላል?»

«ዘጠኝ። ሲጀምር ሃምሳ ይል ነበር፤ ደክሞታል መሰለኝ። ትናንትም እንዲህ ሲሆንብኝ አጥፍቼ ትንሽ አሳረፍኩት።»

ሳቄን በሽንኩርቱ ፌስታል ሸፈንኩት። እሷ አልሳቀችም። እኔ ስንቱን ተማሪ በሳቄ እንዳስደነበርኩ እግዜር ይወቀው፤ ልጅቷ ግን አስተማሪነት ተፈጥሮዋ ነው።

«ማሽን እንደ በሬ አይደክምም ጋሼ። ኪሎዋት ማለት ኤሌክትሪኩ አሁን፣ በዚች ደቂቃ የሚገባበት ኃይል ነው፤ የቧንቧ ውኃ አወራረድ ይበሉት። ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ የገባው መጠን ነው፤ የሞላው ጀሪካን። ድርጅቱ ድርሻዎን የሚከፍልዎትም በዚህ በሁለተኛው ነው። ስልሳው የማሽኑ ጣሪያ ነው እንጂ ስንቱን እንደምትቀበል የምትወስነው መኪናዋ ናት።»

«ታዲያ ሃምሳ ስትቀበል የነበረች መኪና አሁን ምን ነካት?»

«ቡና ጆንያ ውስጥ ሲሞላ መጀመሪያ እንዴት ነው?»

«እኔን ነው ቡና የምትጠይቂው? በሳፋ ይገለበጣላ።»

«አፉ ጋ ሲደርስስ?»

«በእፍኝ፣ እየነቀነቁ ነዋ። ያለዚያ ይፈስሳል።»

«ባትሪም እንደዚያው ነው። ሰማንያ ፐርሰንት ገደማ ሲያልፍ መኪናዋ ባትሪዋን ላለመጉዳት ራሷ ታዘግማለች። የቀረችው ሃያ ከበፊቱ የማይተናነስ ጊዜ ልትፈጅ ትችላለች። እስከዚያ ማሽኑ በእፍኝ ሲሰጥ፣ በሳፋ መቀበል የሚችለው ደጅ ቆሟል።»

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። ሽማግሌው ስክሪኑን እንደ አዲስ ሰው ያዩት ጀመር። ሆኖም ልማድ በአንድ ምሳሌ አይረታም።

«የመብራቱ ገባኝ፣» አሉ። «የሰውዬውስ? አቶ ፍቅሩን ሂድ ልበለው? አባቴ በዚህ ግቢ እንግዳን ከማዕድ ተነሥ ብሎ አያውቅም። በእርጅናዬ ስሜን አታስጠፊኝ።»

«አብዱልሃኪምስ እንግዳ አይደለም?»

ሽማግሌው ወደ አብዱልሃኪም ዞር አሉ።

«አያቴ አንዱ እስኪጠግብ ሌላውን ደጅ ያስጠብቁ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። ጠጋ በሉ፣ ቦታ ስጡት ነበር የሚሉት።» ይህን ብለው በራሳቸው ቃል ተያዙ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐፍረት አሳዘነኝ፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አያሳዝኑኝም ነበር።

ቀስ ብለው ወደ በረንዳው ሄዱ። «አቶ ፍቅሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መኪናዎን ለዚህ መንገደኛ ጠጋ ቢያደርጉለት?»

አቶ ፍቅሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ብድግ አለ። «ጋሽ ገብረወልድ፣ እኔ እኮ የትም አልሄድም፤ ቤቴ እዚሁ ነው። እርስዎን አፍሬ ነው የተቀመጥኩት። ሻይ አንገቴ ደርሷል።»

እዩት እንግዲህ ይሉኝታን። ጋባዡ ሂድ ለማለት ያፍራል፣ ተጋባዡ ልሂድ ለማለት ያፍራል፣ ሦስተኛው ደጅ ላይ ይመሽበታል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት አባቶች መኪና ባያውቁም ሰው ያውቁ ነበር።

አብዱልሃኪም ሰካ፤ ስክሪኑም ሃምሳን አለፈ። ሽማግሌው ቁጥሩን እያዩ፣ «የሚያድረው እንግዳዬስ? እሱም በሰማንያ ይተኛ?» ብለው ጠየቁ።

«ለሚያድረው ግድግዳው ላይ ያለው ትንሹ ማሽን አለልዎ፤ ኤሲ የሚሉት። ዘገምተኛ ነው፤ ግን ሲነጋ መቶ ሞልቶ ያገኘዋል። ትልቁ፣ ዲሲ የሚሉት፣ ለመንገደኛ ይሁን። ሩቅ ሄዶ መንገድ ላይ ቻርጅ የማያገኝ ካለ ብቻ እሱ ይሙላ።»

«እንዲህ ከሆነማ ማንም ከቤቴ ተርቦ አይሄድም፣» አሉ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው።

ሰኞ ወሬ ፍለጋ ሄድኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። በሩ ላይ ጡሩምባ የለም። የመጣው ተስተናግዶ ይሄዳል፤ ማሽኑ ሲያዘግም አይውልም፤ ሾፌሩ ጊዜውን፣ ባለቤቱ ገቢውን፣ መንገዱ ሰላሙን አግኝቷል። ይህ ሁሉ የመጣው ሁለት ሦስት ቃል ጠይቆ ከመረዳት ነው።

አንድ የማላውቀው ጎልማሳ መኪናውን ሰክቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ግቢውን ይቃኛል። ሰማንያ ሲሞላለት ጋሽ ገብረወልድ ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ በቅቶሃል። ሌላ እንግዳ ቆሟል፣ ቦታ ስጠው።»

«እኔ ኤርምያስ እባላለሁ፤ ከድርጅቱ ነው የመጣሁት፣» አለ ሰውየው። «ስለ ማሽኑ ልወስን።»

እኔ «በቃ፣ ማሽኑ ሄደ» አልኩ በልቤ። ሽማግሌው ግን በትሕትና ጎንበስ አሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። መኪናህን አንሣና ቁጭ ብለን እንወስናለን።»

ኤርምያስ በር ላይ የቆመውን መኪና አየ፤ ሽማግሌውን አየ። መሰኪያውን ነቀለና ለተረኛው አቀበለ።

«እኔ ወስኛለሁ አባቴ፣» አለ። «ማሽኑ ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጣል።»