ሦስት መቶ አርባ በሮች

የልብስ ስፌት መኪና መለዋወጫ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ሰው ዕቃ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት የእኔ ሱቅ ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ድረ ገጹን ወደ አዲስ ስናዛውር አሮጌው ዛሬውኑ ይዘጋ ብዬ ነበር። ሥራውን የያዘችልኝ ሰብለ ግን እምቢ አለች።

«ጋሼ፣ ከኦሎምፒያ ወደ ገርጂ ሲዛወሩ የድሮው በር ላይ ምን ለጠፉ?»

«ገርጂ ገብተናል ብዬ ነዋ፣ ከነስልኩ!»

«እዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ገጽ፣ የራሱ በር አለው። ሁሉም ላይ ወደ አዲሱ የሚመራ አድራሻ ካልለጠፍን ደንበኛው ተዘግቷል ብሎ ይመለሳል፤ አንደኝነትዎም ይቀራል።»

ቆጠርኩ፤ ሦስት መቶ አርባ። «የእግር መኪናውን ቺንጋ እንኳ ተይው፣ ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ የለም» አልኳት።

«እርስዎ ይቁጠሩ፣ እኔ ልለጥፍ» ብላ ሳቀችብኝና አንድም ሳትዘል ጨረሰች።

አሮጌው በተዘጋ በሳምንቱ ከደሴ አንዲት ልብስ ሰፊ ደወለች። «የእግር መኪና ቺንጋ ብዬ ስፈልግ መጀመሪያ የመጡት እርስዎ ነዎት። መኪናዬ ከቆመች ወር ሆናት፤ ልጆቼን የማሳድገው በሷ ነው» አለችኝ።

ቺንጋውን በዕለቱ ላክሁላትና ለሰብለ ደወልኩ። «ሦስት መቶ አርባውም ልክ ነው» አልኳት። ከእኔ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም፤ እሷም ገብቷታል።