ሃያ አራተኛዋ ጠርሙስ

በእኛ ጊዜ ጠርሙስ አይጣልም ነበር። ቆይ፣ ቆይ ሰሚራ፣ ያቺን ፕላስቲክ ወዴት ነው የወረወርሻት? ወደ ቦዩ? ያ ረቢ! ውሃውን ጠጣሽና ዕቃውን ጣልሽ። እናቴ ብታይሽ ኖሮ ሦስት ቀን ታለቅስ ነበር፣ ወላሂ። ሂጂ አንሺያትና ተመለሺ፣ ከዚያ ስልክሽን ክፈቺና የምነግርሽን ቅጂ።

መጣሽ? እሺ። በደርግ ጊዜ እኛ አገር ሐርቡ ጠርሙስ ያለው ሰው ባለ ንብረት ነው። ላምባ ቀበሌ ሱቅ መጣ ሲባል "ዕቃ ይዘህ ና" ነው የሚሉሽ፣ ዕቃ የሌለው በጨለማ ያመሻል። እና ማንም ምንም አይጥልም። የሣርዲን ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፣ ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ ጆንያው ተተርትሮ ገመድ ይሆናል። ጠርሙስማ፣ ጠርሙስማ ሥራ ያላት ናት፣ አንዷ ላምባ ትይዛለች፣ አንዷ ዘይት፣ አንዷ እናቷ የሞተችባትን ጥጃ ታጠባለች። ውታፏ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ታዲያ የኔ ኒካህ በአንዲት ጠርሙስ ምክንያት ሊቀር ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? አያትሽን ጠይቂያት፣ ያችውና እዚያ ምስር እየለቀመች ትስቃለች። ሳቂ ፋጤ፣ ሳቂ!

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከሐርቡ ብርቱካንና ፓፓያ በአህያ ጭኜ ደሴ ሰኞ ገበያ እወጣለሁ። እዚያ ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፣ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ዘይትና ተምር የሚሸጡ። የዘይት መለኪያቸው አንዲት የለስላሳ ጠርሙስ ናት፣ አንገቷ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት፣ አፏ ሸረፍ ያለች። ሰኞ ገበያ ውስጥ ያቺን ጠርሙስ የማያውቅ ሰው የለም። እና ሐጂ ሰላት ሲሄዱ በዚያች ጠርሙስ ዘይት የምትለካው ልጃቸው ናት፣ ፋጡማ። ታዲያ እኔ ዘይት ወዳጅ ሆንኩ። ቤታችን ዘይት እስኪተርፍ ድረስ ገዛሁ! እናቴ "ምነው ልጄ፣ መብራትም በዘይት ልናበራ ነው እንዴ?" አለችኝ።

ሽማግሌ ላክሁ። ሐጂ "ሐርቡ ወባ አለ፣ ልጄን ለወባ አልድርም" ብለው መለሱ። ደግሜ ላክሁ፣ "ወባው ሄደ ወይ?" ብለው መለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ስልክ፣ እንግዲህ አንቺዬ ስሚ፣ ጢማቸውን እንዲህ እንዲህ አደረጉና፦

"እሺ። ለኒካሁ የሚቀመጡት ሃያ አራት ሰዎች ናቸው። ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ የፋብሪካ ለስላሳ ሙሽራው ያቅርብ። ሃያ አራቱ ሳይሟላ ኒካህ አይታሰርም።"

ሽማግሌዎቼ ሲመለሱ ለቅሶ ደርሰው የመጡ ነው የሚመስሉት። ለምን? ለስላሳ ያን ጊዜ በገንዘብ አይገኝማ! ሰውዬው እንቢ ማለቱ ነው፣ እንቢን በሳጥን አድርጎ ላከልህ አሉኝ። እኔ ግን ግትር ነኝ፣ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ማከፋፈያው በር ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል።

"አንድ ሳጥን ለስላሳ ፈልጌ ነበር" አልኩ።

"ባዶ አምጥተሃል?"

"ኧረ ብር አምጥቻለሁ!"

"ጓድ፣ ብር አልጠየቅኩህም። ባዶ ነው የጠየቅኩህ።"

ድሮ መያዣ የሚባል ነገር ነበር፣ ለጠርሙሱ ገንዘብ ታስይዣለሽ፣ ባዶውን ስትመልሺ ይመለስልሻል። "እሺ መያዣ ልክፈል" አልኩት።

"መያዣ ቀርቷል። ሰዉ መያዣውን እየተወ ጠርሙሱን ወስዶ ላምባ ያስቀምጥበታል። ሃያ አራት ባዶ ታመጣለህ፣ ሃያ አራት ሙሉ ትወስዳለህ። ደንብ ነው።"

ምን ብዬ ብለምነው "ደንብ ነው"! ሐጂ የቀጠሩት የኒካህ ቀን ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

ታዲያ ሐርቡን ቤት ለቤት ዞርኳት። እንደ ለማኝ! "አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጠርሙስ አላችሁ?" ያንዱ ላምባ አለበት፣ ወደ ጣሳ ይገለብጥልኛል። ያንዱ የቃሪያ ዘር አለበት፣ በጨርቅ ይቋጥረዋል። ጥጃ የምታጠባው ሴትዮ "እስክትጠግብ ጠብቅ" ብላኝ በረት ውስጥ አስቀመጠችኝ፣ ጥጃዋም ጠገበች፣ እኔም ተቀበልኩ። እማ ጦይባ የምትባል አሮጊት ነበረች፣ ለጉልበቷ የምትቀባው የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጠርሙስ አላት። ጠርሙሷን አየች፣ እኔን አየች።

"ልጅቱ ቆንጆ ናት?"

"ወላሂ ቆንጆ ናት፣ እማ ጦይባ።"

"እንኪያስ ውሰድ" አለችና ዘይቱን ቅል ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገችው። "ጉልበቴ ድሮም አሞታል፣ ይጠብቃል። አንተን ግን ዕድሜ አይጠብቅህም።" አላህ ይማራት፣ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች።

እና ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት። እንደገና ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት። አንዲት! አንዲት ጠርሙስ ሐርቡ ላይ ጠፋች! ገራዶ ድረስ ሰው ላክሁ፣ የለም። ሁለት ቀን ሲቀረው እህል አልበላ አለኝ፣ እናቴም አብራኝ ጾመች። አዎ፣ አለቀስኩ፣ ምን ታፍሪያለሽ፣ ወንድ አያለቅስም ያለው ማነው?

በዚያው ቀን እትዬ ዘይነባ መጣች፣ በርበሬ ነጋዴ ናት፣ ደሴና ሐርቡ የምትመላለስ። ከበርበሬው ጆንያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ከማን ነው?"

"ከወደ ሰኞ ገበያ ነው። ተቀበልና ዝም በል።"

ፈታሁት። ቀይ ክር! አፏ ሸረፍ ያለች! የሐጂ ሰዒድ መለኪያ! ፋጤ ናት አልኩ፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ፋጤ ለኔ ብላ የአባቷን መለኪያ ሰርቃ ላከችልኝ! እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ፣ ዘለልኩ፣ እትዬ ዘይነባን ግንባሯን ሳምኳት፣ የበርበሬው አቧራ አስነጠሰኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሐጂ ነገ ዘይት ሊለኩ ሲሉ መለኪያው የለም፣ "ማን ወሰደው?" ይላሉ፣ ያቺ ልጅ ጉድ ፈላባት!

ቢሆንም አጠብናቸው። አመድና አሸዋ ከተን፣ ጠጠር ጨምረን፣ እየናጥን፣ በግራዋ ቅጠል አሸት አሸት አድርገን። የላምባ ሽታ እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፣ ሄደ ስትይ ተመልሶ ይመጣል። በገለባ አድርጌ በአህያ ጫንኩና ኮምቦልቻ ገባሁ። ሰውዬው መነጽሩን አስተካከለና አንድ ባንድ ያሸታል፣ እንዲህ፣ እህህ፣ አፍንጫውን አፏ ላይ ደቅኖ። "ይቺ ላምባ ትላለች።" "ጓድ፣ ሠርጌ ነው።" ያሸታል፣ ያስቀምጣል። ሃያ ሦስቱ አለፉ። የመጨረሻዋን አነሳ፣ በጣቱ አፏን ዳሰሰ።

"ተሸርፋለች። አይሆንም።"

"በአላህ! በዚች ምክንያት ሚስቴ ልትቀርብኝ ነው!"

"ደንብ ነው" አለኝ። ሃያ ሦስት ሙሉ ሰጠኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አየና ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ ያልተጣመመች ቆርኪ አነሳ፣ እጄ ውስጥ ከተተልኝ፣ "ይቺ ግን ደንብ የላትም፣ ዝም ብለህ ሂድ" አለኝ። ታዲያ ገባኝ። ሐርቡ እንደገባሁ ቆርኪዋን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ የገብስ ቀሪቦ ጥዳ ነበር፣ ያው የእኛ የእስላሞች መጠጥ የማያሰክረው፣ መልኩ ከፋብሪካው ጥቁር ለስላሳ ጋር አንድ ነው። በቀይ ክሯ ጠርሙስ ሞላችና ቆርኪዋን ጨርቅ አልብሳ በድንጋይ ቀስ ቀስ አድርጋ መታቻት። ክሩን ልፈታው ስል "ተው፣ የሰው ዕቃ ነው፣ እንዳለ ይመለሳል" አለችኝ። እሺ፣ ለአጎቴ አቀርባታለሁ፣ አጎቴ ምስጢር ይይዛል አልኩ።

የኒካሁ ቀን ደሴ ሐጂ ቤት ገባን። ሳጥኑ መሃል ተቀመጠ። ሐጂ ተነሡ። ያስቆጥራሉ ስል፣ ራሳቸው መጥተው ሳጥኑ ላይ ጎንበስ አሉና አንዱን ያነሳሉ፣ ይመልሳሉ፣ አንዱን ያነሳሉ፣ ይመልሳሉ። እኔ ያቺን እንዳያገኙ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ። ከዚያ ያችን ባለ ቀይ ክር ጠርሙስ መዘዟት! ይዘዋት ተቀመጡ፣ ከፈቱ፣ ጠጡ። ደግመው ጠጡ። ሰዉ ሁሉ ያያቸዋል።

"ሙሄ" አሉኝ፣ "ይቺ የየት ፋብሪካ ናት?"

"የሐርቡ ናት፣ ሐጂ" አልኩ።

"ሐርቡ ፋብሪካ አለ እንዴ?"

"አለ። አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው ያለው፣ እናቴ ናት።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂም ጢማቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፣ ጠርሙሷን ጨለጧትና "ሃያ አራቱ ሞልቷል፣ ኒካሁን እሰሩ" አሉ። ስለ ክሩ አንድ ቃል አልተናገሩም!

ከሠርጉ በኋላ ጠርሙስ መመለስ ነው። ማከፋፈያው ባዶ አምጣ ይላል፣ እኛ ዘንድ ግን ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ ነውር ነው። እና ለእማ ጦይባ የጉልበቷን ዘይት ሞልተን፣ ለሌላው ቀሪቦውን፣ ለባለ ጥጃዋ ወተቱን፣ ሁሉንም ሞልተን መለስን። እማ ጦይባ "የኔዋ ከዚች ትወፍር ነበር" ብላ ጥቂት አጉረመረመች እንጂ ተቀበለች። ቀይ ክሯን ደግሞ ማር ሞልቼ ለሐጂ ላክሁ። እሳቸው ለዒድ ዘይት ሞልተው ላኩልኝ። እኔ ቅቤ፣ እሳቸው ተምር። እስኪሞቱ ድረስ ያቺ ጠርሙስ ባዶዋን መንገድ አልወጣችም፣ አልሐምዱሊላህ። ወባውም ልጃቸውን አልነካትም፣ እኔን ነው የጣለኝ!

ታዲያ እኔና አያትሽ ስንጣላ፣ መቼም እንጣላለን፣ ጥፋቱ የሷ ቢሆንም እንኳ አፌን እዘጋለሁ። ለምን? "ይቺ ሴት ለኔ ብላ የአባቷን ጠርሙስ ሰርቃለች" እላለሁ ለራሴ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠርሙስ ስረታ ኖርኩ። ምነው ፋጤ? ምን ያንፈቀፍቅሻል?

(ፋጡማ፦ "እኔ ምንም አልሰረቅኩም።")

ምን?

(ፋጡማ፦ "የላከው አባቴ ነው። ሐርቡ ቤት ለቤት ስትዞር ሰምቶ፣ 'ለልጄ ብሎ ጥጃ በረት የተቀመጠ ሰው ወባ አይገድለውም' አለ። ሃያ አራት ያልኩት በአፌ ነው፣ ቃሌን አላጥፍም ብሎ፣ ሃያ አራተኛዋን ራሱ ጠቅልሎ ለእትዬ ዘይነባ ሰጣት።")

ኧረ በአላህ! አንቺ ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?

(ፋጡማ፦ "ሊሞት ሲል ነገረኝ። 'ባልሽ አንቺ የሰረቅሽለት ይመስለዋል፤ ይምሰለው፣ ይጠቅምሻል' አለኝ። ጠቀመኝም።")

ሰማሽ ሰሚራ? ቀዳሽው? እኚያ ሰውዬ! ለዚያ ነው ሳጥኑን የበረበሩት፣ የራሳቸውን ዕቃ ነው የፈለጉት! አላህ ጀነት ይስጣቸው፣ ሃያ ዓመት ማር ስልክላቸው አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። እኔ ደግሞ ለዚች ሴት ስረታ፣ ስረታ...

(ፋጡማ፦ "እንግዲህ ሌባ አይደለሁም። ካልፈለግከኝ ደሴ መልሰኝ።")

እመልስሽ ነበር! ግን ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ አንቺን የሚያህል ሴት ለመመለስ የሚበቃ ማር ከየት አባቴ ላምጣ! ሃ ሃ ሃ! ተቀመጪ፣ ምስርሽን ልቀሚ። አንቺ ሰሚራ፣ ያቺን ፕላስቲክ አምጪያት፣ ወተት ሞልታ ለእናትሽ ትሄዳለች።