አረንጓዴው ጥፋት የእኔ ነበር

ሳቄ ሳያልቅ የሕይወት ታሪካቸውን ወረቀት ስለ ዘረጋሁ ይቅር በሉኝ፤ ወንድማችን ቀበቶ ጠፍቷቸው የላቦራቶሪ የጎማ ቱቦ ታጥቀው አማቶቻቸው ፊት መቅረባቸውን ባልደረቦቻቸው አሁን ደጅ ላይ አስታውሰውኝ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው ግን ገና ወደ ፊት ነው፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝም እዚያው ነው።

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው የዛሬ ስድሳ አራት ዓመት ተወለዱ። እሳቸው መምህራኑን በጥያቄ ሲያስጨንቁ፣ እኔ ታናሽ እህታቸው አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሜ ትምህርቱን ተሰናበትሁ። በኬሚስትሪ ተመርቀው፣ ዶክትሬታቸውንም ይዘው፣ ዕድሜያቸውን ለአንድ ሥራ ሰጡ። በሰውነታችን ውስጥ ሥራ የሚያፋጥኑ ኢንዛይሞች አሉ፤ አንዳንዶቹም ፍላቪን የሚባል፣ ከቫይታሚን የሚገኝ ቢጫ ነገር በጉያቸው ይይዛሉ። ጥቃቅን ሞለኪውሎች እዚያ ገብተው ሲቀመጡ የኢንዛይሙ ጠባይና ቀለም ይለወጣል፣ አንዳንዴም ሥራ ይፈታል፤ የትኛው እንደሚገባ ማወቅም ለመድኃኒት ይጠቅማል። ለእኔ ሲያስረዱኝ ግን «አንቺ ወንበሬ ላይ ስትቀመጪ እኔ ሥራ እንደምፈታው ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። ጣታቸው ከቢጫ ስለማይጠራ የሥራ ባልደረባው ሁሉ «ቢጫው» ይላቸው ነበር።

ከፋርማሲ ባለሙያዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። እኔም ሥራ ፈትቼ ቤታቸው በተቀመጥሁ ጊዜ በላቦራቶሪያቸው ዕቃ አጣቢ አድርገው አስቀጠሩኝ። ትእዛዛቸው አንድ ነበር፤ ብርጭቆዎቹ በተሰጠኝ ሳሙና ታጥበው በተጣራ ውኃ ስድስት ጊዜ ይለቅለቁ፣ ሌላ ነገር አይንካቸው። እኔ ግን ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ ሲባል፣ የወንድሜ ዕቃ ከሰው ዕቃ በልጦ ያብለጭልጭ ብዬ፣ ያንን አፍንጫ የሚበጥስ የወለል ማጽጃ በጠርሙሱ ክዳን እየሰፈርሁ ከመለቅለቂያው ውኃ ቀላቀልሁበት። ብርጭቆ እንደዚያ አብርቶ አያውቅም!

በማግሥቱ ብርጭቆዎቹ ውስጥ ያለው ቢጫ የኢንዛይም ፈሳሽ አረንጓዴ ሆነ። ወንድማችን የሚሞክሩት አዲስ ሞለኪውል የገባ መስሏቸው «ገባ! ገባ!» እያሉ በኮሪደሩ ዘለሉ፤ ለእንግዶቹ አሳዩ፣ በመጽሔትም አሳተሙ። ማጽጃው ባለቀ ሳምንት ግን አረንጓዴው ጠፋ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፤ እኔ ግን ማጠቤን ቀጠልሁ።

ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሞክረው ቢጫው ፈሳሽ ቢጫ እንደ ሆነ ሲቀር፣ ወንድማችን በጉባኤ ፊት ቆመው «ስሕተቱ የእጄ ነው» ብለው ጽሑፋቸውን ከመጽሔቱ አስወጡ፤ የታጩበት የክፍል ኃላፊነትም ቀረባቸው። ባልደረቦቻቸው በሻይ ሰዓት «ቢጫው፣ ዛሬስ በሰልክ ወይስ ገና ጥሬ ነህ?» እያሉ ሲስቁባቸው፣ እኔ ማጠቢያው ላይ አጎንብሼ አብሬ ሳቅሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አብሬ ሳቅሁ! ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ እጃቸውን ሲጠራጠሩ፣ ልኬቱን ሲደጋግሙ እያየሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት አፌን ዘጋሁ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኩላሊታቸው ታሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሐሙስ ጧት ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ጉደኛዋን እህታቸውን ትተውልናል። የደከሙበትን የሚያውቅ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኔም ልብ ይስጠኝ። ይህን ሁሉ በፊታችሁ ማንበቤ ስማቸው ጠርቶ እንዲቀበሩ ነው፤ ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም።

ለራሳቸው የነገርኋቸው ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤታቸው መስኮቱ አጠገብ ብርቱካን ሲልጡ፣ እኔ አልጋው ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ዘረገፍሁ፤ ቢረግሙኝም እቀበላለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ወንድማችን ግን ትራሱን ተደግፈው ቀና አሉ፣ መነጽራቸውን አስመጡ፣ ዓይናቸውም በራ፤ እንዲህም አሉኝ፦

«ተይ አሁን ልቅሶውን! ስንት ክዳን ነው የጨመርሽበት? ሙሉ ነው ግማሽ?»